ጋሽ ኤሌሜር ያልተነሡበት ካሴት

ኤሌሜር ቦድናር በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይሞቱ ነበር። ቀኑም የታወቀ ነው፤ ፋሲካ በዋለ በማክሰኞው። አንድ ዓመት ቃሪያ በልተው ሞቱ። ሌላ ዓመት አሜሪካዊው አማቻቸው ዴል የቢራ ብርጭቆውን ከእሳቸው ብርጭቆ ጋር ቢያጋጭባቸው፣ ማጃር፣ ማለትም የሀንጋሪ ሰው፣ ቢራ አጋጭቶ እንደማይጠጣ ይህ ልጅ መቼም አይገባው ብለው፣ ልባቸውን ይዘው ከነወንበራቸው ወደ ኋላ ተዘረሩ። ዝይ ነክሳቸው የሞቱበት ዓመትም አለ፤ ዝይዋ ራሷ ደንግጣ ትታያለች። ሁሉም በቪዲዮ ተቀርጿል። ካሜራው በመቆሚያው ላይ ተተክሎ ይቀርጻል፤ ሚስት፣ ልጆች፣ አማችና የልጅ ልጅ እየሳቁና እየተጋፉ ይሮጡና ጢማቸውን ይጎትታሉ። ቀድሞ የጎተተ ትልቁን ቀይ እንቁላል ይወስዳል። ያን ጊዜ ጋሽ ኤሌሜር አንድ ዓይናቸውን ይገልጡና ይነሣሉ።

ዘንድሮ አልተነሡም።

በአሜሪካዋ ቶሊዶ፣ ከወንዙ ምሥራቅ ባለው ሰፈራችን ወሬው በተሰማ ጊዜ ግማሹ ሰው ሳቀ። ምን ይደረግ፤ ሰውዬው መኪናቸውን ክርስትና ያስነሡ፣ የጎረቤት አጥር በቋሊማ የለኩ፣ ገንዳ ውስጥ ተቀምጠው ለሀገሪቱ ፕሬዚዳንት ንግግር ያደረጉ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሞተ ሲባል «ካሴቱን መቼ ነው የምናየው?» ተብሎ ይጠየቃል እንጂ አይለቀስም። የሬሳ መኪናው በራቸው ላይ ሲቆም ግን ሳቁ ቀረ።

ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ሽማግሌ ሰው፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ድንጋጤ። በእኛ ወግ የፋሲካ ሰኞ ወንዶች ሴቶቹን ሽቶ ይረጫሉ፤ ማክሰኞ ደግሞ ሴቶቹ ብድራቸውን በባልዲ ይመልሳሉ። ዘንድሮ ባልዲውን የደፋችው የልጅ ልጃቸው ኢሎንካ ነበረች። ፊት ለፊት የወቀሳት የለም፤ በዚህ ሰፈር ሰው የሚወቀሰው በሌለበት ነው። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የቧንቧ ውሃ ሲፈስ ከሰማች ከቤት ትወጣለች። ፊቷን በደረቅ ፎጣ ትጠርጋለች፤ ከወተት በቀር አትጠጣም። በሰኔ ሊያገባት የነበረውን ልጅ ሁለተኛ እንዳትመጣ ብላዋለች።

ነገሩ በዚሁ ይቀበር ነበር። ነገር ግን ገናዡ የጋሽ ኤሌሜርን ቀኝ እጅ ሲያጥብ መዳፋቸው ላይ አንዲት ጠርዟ የደረቀ፣ ግራጫ ቃጠሎ አየ። ስልክ አነሣና ለኢቦያ ሐላስ ደወለ።

ኢቦያ ድንገተኛ ሞት የምትመረምር የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ያደገችው በዚሁ ሰፈር ነው። ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯ ቁጥብ ነው፤ ሰው ሲዋሽላት እስኪጨርስ በትዕግሥት ታዳምጣለች። በዚህም ምክንያት ከእሷ ጋር የሚጫወት ሰው ብዙ አይደለም።

የቦድናር ቤት ደረሰችና ወደ ምድር ቤት ወረደች። እንደ ማንኛችንም ቤት እዚያ ሁለተኛ ማድ ቤት አለ፤ ሲሚንቶ ወለል፣ መሀሉ ላይ የፍሳሽ ቀዳዳ፣ ፕላስቲክ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን ተቀምጧል፤ ውስጡ ትልቁ ቀይ እንቁላል ብቻውን ቀርቷል። ጋሽ ኤሌሜር ለቀረጻ በእጃቸው የሚይዙት ፓውዛ መብራት ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ የቆዳ ጓንታቸው ከጎኑ። ኢቦያ ጓንቱን ገልብጣ አየችው። መዳፉ ላይ ቆዳው አርሯል። ፓውዛውን አወረደች። ያረጀ ነው፤ ቪቴዎቹ ግን በቅርቡ ተፈትተው ጭንቅላታቸው ያብረቀርቃል። ፈታቻቸው። ውስጥ አንደኛው ሽቦ ተልጦ ከብረቱ አካል ጋር እንዲነካካ ተደርጎ ተጣብቋል።

ነገሩ ገባት። ደረቅ ጓንት ላደረገ ሰው ይህ መብራት ምንም አያደርግም። ውሃ እስኪደፋበት ድረስ።

ለማንም አልተናገረችም።

በመጀመሪያ ያገኘችው ዴልን ነው። ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ኤሌክትሪሻን ነው። ጓሮ ቆሞ፣ ሲጋራ የማያጨስ ሰው፣ የተለኮሰ ሲጋራ ይዞ አገኘችው። ሳትጠይቀው ጀመረ።

«ፓውዛውን አየሽው አይደል?»

«ምን ነበር የማየው?»

«እኔ እንጃ። ግን ሰው በልቡ ሲወድቅ እጁ ይለቃል። የእሳቸው እጅ አለቀቀም።»

«ይህን እያወቅህ ዝም አልክ?»

«ቢራ ስላጋጨሁ ስንት ዓመት ሙሉ ስሜን የሚያነሡ ሰዎች ናቸው» አለ ዴል። «ኤሌክትሪክ ነው ብል፣ ማን ነካካው ብለው ማንን የሚያዩ ይመስልሻል?»

እሱና ሚስቱ ዮላን ማክሰኞ ለምሳ መጥተው፣ ካፖርታቸውን ሰቅለው በቀጥታ ወደ ምድር ቤት እንደወረዱ ነገራት። ሁሉም እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ ፓውዛውም ከራሳቸው በላይ ተሰቅሎ ነበር።

ዮላን፣ የጋሽ ኤሌሜር ሴት ልጅ፣ ስታለቅስ ትስቃለች፤ ስትስቅ ደግሞ ታለቅሳለች። አባቷ ከልጆቻቸው ይልቅ ካሴቶቻቸውን ይወዱ እንደነበር ነገረቻት። ከአፏ አምልጧት ደግሞ፣ በኢሎንካ ሰርግ ላይ የመጥረጊያውን ካሴት ለእንግዳው ሁሉ ሊያሳዩ አስበው እንደነበር ጨመረችበት። ኢቦያ የትኛው መጥረጊያ እንደሆነ ብትጠይቃት ዮላን ቀላች።

ከመናገር ሌላ አማራጭ አልነበራትም። ከዓመታት በፊት ወንድሟን ቲቦርን፣ የኢሎንካን አባት፣ ሚስቱ ትታው ሄደች። ቲቦር ሊለምናት ወሰነና፣ ቃሉ እንዳይጠፋበት ጋራዥ ገብቶ ተለማመደ፤ መጥረጊያ ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ፊቱ ተንበርክኮ፣ በስሟ እየጠራው። ጋሽ ኤሌሜር በመስኮት ቀረጹት። መቅረጽ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሰዎች የሚያስቅ ቪዲዮ ለሚልኩበት የቴሌቪዥን ዝግጅት ላኩት። አገር ሳቀ። ሚስትየውም አየችው፤ አልተመለሰችም። ቲቦር በሚሠራበት የመስታወት ፋብሪካ የሥራ ጓደኞቹ ቬሎ የለበሰ መጥረጊያ በር ላይ አቁመው ጠበቁት።

«አባባ ክፋት አልነበረባቸውም» አለች ዮላን። «የሚያስቅ ነገር ካዩ ማለፍ አይችሉም ነበር እንጂ።»

ባልቴቷ እትዬ ፒሮሽካ ላይኛው ክፍል ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል። ከማክሰኞ ወዲህ ሥራቸው አንድ ብቻ ነው፤ ካሴት ዴኩ ውስጥ ይከታሉ፣ ባላቸው ይሞታሉ፣ ባላቸው ይነሣሉ፤ ያወጡና ሌላ ይከታሉ። የጋሽ ኤሌሜር ሳቅ ከመንገድ ይሰማል። ጎረቤት ልጆቹን በዚያ በኩል ማሳለፍ ትቷል።

«በየዓመቱ ባልዲውን የሚደፉት እርስዎ ነበሩ» አለች ኢቦያ። «ዘንድሮ ለምን ለኢሎንካ ሰጧት?»

እትዬ ፒሮሽካ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሡ በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን አሳዩ። «የጥቅል ጎመኑ ድስት አቃጠለኝ። ጠዋት። ኢሎንካን፣ ነይ አንቺ ድፊበት፣ አባባሽ ይደንግጥ አልኳት።»

«ቲቦር እጅዎ መቃጠሉን ያውቅ ነበር?»

«ቲቦር ጋራዥ ነበር። ምነው?» ካሉ በኋላ መልሱን አልጠበቁም። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ባላቸው ከዝይዋ ፊት እየተነሡ ነበር።

ቲቦርን እዚያው ጋራዥ አገኘችው። ግዙፍ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ በእጁ አቧራውን ጠረገላት። አባቱ ሲወድቁ ስለ ሆነው ነገር ጠየቀችው።

«እንደ ሁልጊዜው የሚጫወት ነበር የመሰለኝ» አለ። «ሲወድቅ ፓውዛው ከሲሚንቶው ተጋጭቶ አምፖሉ ፈነዳ፤ ደብዘዝ አለ። ሄጄ ጢሙን ጎተትኩ። ቀዝቅዟል።»

«ስለዚህ ቀድመህ የነካኸው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

ኢቦያ አመስግናው ወጣች።

ኢሎንካ ከቤቱ ራቅ ብሎ ባለው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር ተቀምጣ ነበር። ዝናብ እንዳይመጣ ሰማዩን ታያለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ኢቦያ አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቷ ተናገረች።

«ለብ ያለ ውሃ ቢሆን ኖሮ የቀዳሁት፣ ይተርፍ ነበር?»

ኢቦያ እንዲህ ያለ ጥያቄ በግምት አይመለስም ብላ ታምናለች። እጇን ያዘቻትና ቅዳሜ እንደምትመልስላት ነገረቻት። ከዚያ የቦድናርን ካሴቶች በሙሉ በሣጥን ጭና ቢሮዋ ወሰደች።

አየቻቸው። ብቻዋን ሳቀች፤ ሳቋ ራሷን አስደነገጣት። የሞተ ሰው ደጋግሞ ሲነሣ ማየት እንዲህ ቀላል ነገር አይደለም። ከጥቂት ካሴት በኋላ ኮሪደሩ ላይ የሰው ኮቴ ስትሰማ ሳታስበው ወደ በሩ ዞረች። እሷም፣ በእጇ ያልዳሰሰችውን የማታምን ሴት፣ ጋሽ ኤሌሜርን እየጠበቀች ነበር።

የመጨረሻውን ካሴት ደጋግማ አየችው። ከዚያ ለፖሊሶቹ ደወለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ምድር ቤት ሰበሰበቻቸው። ቴሌቪዥኑንና ዴኩን ዴል አወረደ። እትዬ ፒሮሽካ ከሁሉ ፊት፣ ዮላን ከባሏ ጎን፣ ቲቦር ግድግዳው ሥር፣ ኢሎንካ ደግሞ ለማምለጥ እንዲመቻት ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሁለት ፖሊሶች ላይኛው በረንዳ ይጠብቃሉ።

«ጋሽ ኤሌሜርን የገደላቸው ልባቸው አይደለም» አለች ኢቦያ። «የውሃው ቅዝቃዜም አይደለም። ኤሌክትሪክ ነው። አንድ ሰው ፓውዛውን ፈትቶ ሽቦውን ከብረቱ አገናኝቷል። እሳቸው ብረቱ ስለሚሞቅ ጓንት ያደርጋሉ፤ ጓንቱ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ምንም አይሆኑም። ባልዲው ሲደፋ ግን ጓንቱም ነጠላ ጫማቸውም ራሰ።»

ሁሉም ወደ ዴል ዞሩ። ዴል ወለሉን አየ።

«እሱን ተዉት» አለች። «ይሄ የሰኞ ካሴት ነው።»

ጋሽ ኤሌሜር ብቅ አሉ፤ በግራ እጃቸው የሽቶ ጠርሙስ፣ በቀኝ እጃቸው ፓውዛ። ባዶ ጣታቸው ብረቱን ሲነካ ዘለሉ፤ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው፣ ይህ መብራት ከሚስቴም ይብሳል አሉና ጓንታቸውን አጠለቁ። እትዬ ፒሮሽካ ፈገግ አሉ።

«በባዶ እጃቸው ነኩት። አቃጠላቸው እንጂ አልነዘራቸውም። እንግዲህ ሰኞ ደኅና ነበር። የተነካካው ሰኞ ከዚህ ቀረጻ በኋላና ማክሰኞ ከምሳ በፊት ነው። ዴልና ዮላን በዚያ መካከል እዚህ ቤት አልነበሩም፤ ሲመጡ መብራቱ ከሁላችሁ ዓይን ሥር ተሰቅሏል። እዚህ ቤት ያደራችሁት እትዬ ፒሮሽካ፣ ቲቦርና ኢሎንካ ናችሁ።»

ሁለተኛውን ካሴት አስገባች። ኢሎንካ ብድግ አለች።

«ቁጭ በይ የኔ ልጅ» አለች ኢቦያ። «ዛሬ ካላየሽው ዕድሜሽን ሙሉ ታይዋለሽ።»

ኢሎንካ ተቀመጠች። ካሴቱ ላይ ደግሞ ያቺው ኢሎንካ፣ በባዶ እግሯ፣ ባልዲ ታቅፋ፣ ሳቋን እየዋጠች በዚያው ደረጃ ትወርዳለች። ውሃውን አያቷ ጀርባ ላይ ቸለሰችው። ጋሽ ኤሌሜር ተገትረው ደረቁ፤ ከዚያ ወደቁ። ቀኝ እጃቸው ፓውዛውን እንደጨበጠ ቀረ፤ ብርሃኑ የደረጃውን ጥላ ግድግዳው ላይ እንደ ትልቅ የጎድን አጥንት ዘረጋው። ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል። ቤተሰቡ ይስቃል፤ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ዮላን አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ኢቦያ ምስሉን አቆመችው።

«አሁን ሰዎቹን ተመልከቱ። እንደ ልማዱ ለእንቁላሉ እየተሽቀዳደሙ ነው። እትዬ ፒሮሽካ እጃቸውን ዘርግተዋል። ዴል ጎንበስ ብሏል፤ መብራቱን እሱ ቢነካካው ኖሮ በእርጥብ ወለል ላይ በባዶ እጁ አይቀርብም። ኢሎንካ ውሃው ውስጥ ቆማለች። እዚህ ወለል ላይ ሞት እንዳለ ያወቀ ሰው አንድ ብቻ ነው። ተመልከቱት።»

ምስሉ ተንቀሳቀሰ። ቲቦር ሁለት እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ሁሉንም ወደ ኋላ እየገፋ ነው። ድምፁ ከሳቁ በላይ ይሰማል።

«ተዉት፤ ዘንድሮ በደንብ ይሙት።»

ካሴቱ ላይ ያሉት ሁሉ በዚህ ቀልድ በሳቅ ፈረሱ። 

«እንቁላሉን ሊወስድ እያጭበረበረ መስሎን ነበር» አለች ዮላን በቀስታ።

«በሌሎቹ ካሴቶች ላይ አንደኛ የሚሮጠው እሱ ነው፤ ሰው ከልክሎ አያውቅም» አለች ኢቦያ። «ቲቦር፣ ለምን ከለከልካቸው?»

«ቀልድ ነው።»

«ይሁን፤ ቀልድ ነው። ጥላውን እንይ።»

የደረጃው ጥላ ግድግዳው ላይ ቆሟል። ቲቦር ፊቱን ወደ ሰዎቹ እንዳዞረ፣ አንድ እግሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ይታያል። ጥላው ድንገት ጠፋ። የሚንቀጠቀጠው ሰውነት ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ፣ ቲቦር ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጢም ነካ።

ኢቦያ ከቦርሳዋ አንድ አምፖል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ፈነዳ ያልከኝ አምፖል ይኸውልህ። ደኅና ነው፤ ትናንት አብርቼዋለሁ። መብራቱ የጠፋው ገመዱ ከሶኬቱ ስለተነቀለ ነው። ከሶኬቱ አጠገብ ያለኸው አንተ ነህ፤ የነቀለውም እግርህ ነው። አባቴ እየተጫወተ ነው ብሎ ያመነ ልጅ፣ ጢም ከመጎተቱ በፊት መብራት ይነቅላል?»

ቲቦር ዓይኑን ከአምፖሉ አነሣ።

«ደግሞ ቀድመህ የነካኸው አንተ ነህ። እንቁላሉ ያንተ ነበር። ለምን አልወሰድከውም?»

ቀዩ እንቁላል ሳህኑ ውስጥ ነው። ሁሉም አዩት፤ ከቲቦር በቀር።

ኢቦያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ዝም ማለት ትችላለህ። ጠበቃህም ይህንኑ ይመክርሃል። እኔ ግን አንድ ሌላ ነገር አሳይሃለሁ» አለችና ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰችው።

ኢሎንካ በባልዲዋ ደረጃው ላይ ብቅ ስትል ካሜራው የቲቦርን ፊት በጥግ ይዞታል። ሳቅ የነበረበት ፊት ነው። ባልዲውን የያዘችው ማን እንደሆነች ሲያይ አፉ ተከፈተ፣ እጁ ተነሣ። «ኢሎ—» የሚል ድምፅ ወጣ። ውሃው ከድምፁ ቀደመ።

«እናትህን ነበር የምትጠብቀው» አለች ኢቦያ። «እጃቸው መቃጠሉን አልሰማህም። ልጅህን ስታይ ልታስቆማት ሞከርክ፤ ሳይሆንልህ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ግን ይኸው ከንፈሯ ደርቆ እያየህ ዝም ብለሃል። አሁንም ዝም ካልክ በዚህ ካሴት ላይ የሚታየው አንዲት ልጅ ውሃ ስትደፋና አያቷ ሲሞቱ ነው። እኔ የፈለግሁትን ብጽፍ እሷ የምታየው ያንን ነው።»

ቲቦር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ደረጃው አየ። ኢሎንካ በተሰነጠቀ ከንፈሯ ወደ እሱ ታያለች። አላለቀሰችም።

«ውሃው አይደለም፣ ኢሎንካ» አለ። «እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ የተናገረው በማንም ላይ ሳይጮህ ነው። እናቱ ትደፋለች፣ ልብ ነው ይባላል፣ ይቀበራል፤ አሮጊት ደግሞ ሞትን ትችላለች ብሎ አስቦ ነበር። እትዬ ፒሮሽካ ይህን ሲሰሙ ከቴሌቪዥኑ ዞረው ልጃቸውን አዩት፤ ብዙ አዩት፤ ተመልሰው ዞሩ።

«የመጥረጊያውን ነገር» አለ ቲቦር፤ «በሰርጓ ላይ አማቾቿ ፊት ሊያሳየው ነበር። እንዲተወው ለመንኩት። እሁድ ዕለት፣ እዚህ ጋ ቆሜ። ስለምነው ካሜራውን አበራ።»

 ዴል የሲጋራ ፓኮውን አውጥቶ መልሶ ኪሱ ከተተው። ፖሊሶቹ ወረዱ። ቲቦር በደረጃው ሲያልፍ ኢሎንካ ጉልበቷን ሰብስባ መንገድ ለቀቀችለት፤ ሊነካት እጁን አነሣና መልሶ አወረደው። ዮላንና ባሏ ተከትለው ወጡ። ኢሎንካ ጥቂት ቆየችና እሷም ቀስ ብላ ወጣች።

ምድር ቤት የቀሩት ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ኢቦያ ካሴቱን ልታወጣ እጇን ወደ ዴኩ ሰደደች።

«ተዪው» አሉ እትዬ ፒሮሽካ።

«ለፍርድ ቤት ነው እትዬ። ሌሎቹን ሁሉ እመልስልዎታለሁ። ይሄኛው ላይ አይነሡም።»

«ቶሎ ስለምታጠፉት እኮ ነው።»

ኢቦያ ተወችው። እጇን ከዴኩ አነሣች፤ ወንበር ስባ ከአሮጊቷ ጎን ተቀመጠች። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎቹ አንድ በአንድ ከምስሉ እየወጡ ስልክ ለመደወል ይሮጣሉ፤ ጋሽ ኤሌሜር ብቻቸውን ቀሩ። ጢማቸው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ሁለቱም የእሳቸው አንድ ዓይን እስኪገለጥ ይጠብቁ ጀመር።

በዚህ መሀል ከራሳቸው በላይ፣ በጣሪያው ሥር በሚያልፈው አሮጌ ቧንቧ ውስጥ፣ አንድ ነገር አጉረመረመ። ኢቦያ ደንግጣ ቀና አለች። ላይኛው ማድ ቤት ውሃው ተከፍቷል። ጥቂት ፈሰሰ፤ ተዘጋ፤ ደግሞ ተከፈተ፤ ብርጭቆ ደጋግሞ እንደሚሞላ ሁሉ።

«ትጠጣ» አሉ እትዬ ፒሮሽካ፣ ዓይናቸውን ከባላቸው ሳይነቅሉ።